የመዞር ፈቃድ

ማክሰኞ ቀትር ላይ ልዑልሰገድ ሕልም አየ፤ ሕልሙም ከጂሙ በር ጀመረ። አዳማ ውስጥ አምስት ዓመት ያሠለጠነበት ያው ጂም ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚያነሳቸው ብረቶች፣ ዳምቤሎቹ፣ ተሰልፈው ሰዎችን ያነሳሉ። አንድ ባለ ሃያ ኪሎ ዳምቤል አንድ ወፍራም ነጋዴን ከፍ ዝቅ እያደረገ «አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት» ይላል። ነጋዴው አየር ላይ ሆኖ ጋዜጣ ያነባል።

«ሰውዬውን አስቀምጠውና አናግረኝ» አለ ልዑልሰገድ።

«ዙሬን ሳልጨርስ?» አለ ዳምቤሉ ተቆጥቶ።

በአሠልጣኙ ወንበር ላይ እትዬ አልጋነሽ ፊሽካ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። እትዬ አልጋነሽ በእውኑ ዓለም ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪና የልዑልሰገድ ደንበኛ ናቸው። ስድስት ወር ሙሉ ቁጭ ብድግ አሠራቸው፣ ወደፊት አራመዳቸው፣ ክብደት ከመሬት አስነሳቸው። እግራቸው ብረት ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ከኋላቸው ያስቀመጡትን ቦርሳ ሊያነሱ ዞር ቢሉ ወገባቸው ቀጭ አለና ሦስት ሳምንት ተኙ። ሰው በሦስት መንገድ፣ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ጎን እንዲሁም በመዞር እንደሚንቀሳቀስ፣ እሱ ግን አንዱን ብቻ ሲያስተምር እንደኖረ ልዑልሰገድ የገባው ያኔ ነው። መጽሐፍ ገዝቶ እንደ ተማሪ አጠና፤ መጽሐፉ ሦስቱን መንገዶች ሰውነትን ለሁለት በሚከፍሉ ሦስት መስታወቶች ይመስላቸዋል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ አልጋነሽ ከሕመማቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጣሉ፤ ለእሳቸውም አዲስ ሥልጠና አዘጋጅቶላቸዋል።

በሕልሙ ግን አላወቁትም።

«መስታወትህ የትኛው ነው?» አሉት።

«የምን መስታወት እትዬ? ልዑልሰገድ ነኝ እኮ፣ አሠልጣኝዎ!»

«አሠልጣኝ የሚባል ነገር ቀርቷል። ባለ ፊት ነህ፣ ባለ ጎን ነህ ወይስ ባለ ዙር?»

ዝቅ ብሎ ሲያይ በግራና በቀኙ ከእግሩ እስከ ራሱ የሚደርስ መስታወት ቆሟል። ወደፊት መሄድ ይችላል፤ ወደኋላም ይችላል። ወደ ጎን ሊል ሲሞክር ግን ትከሻው መስታወቱ ላይ ጓ አለ።

«ባለ ፊት» አሉና ፊሽካቸውን ነፉ። «እግዜር ያጽናህ።»

ከዚያ መንገድ ላይ ነበር። ከተማው ሁሉ ተከፋፍሏል። ባለ ፊቶቹ ወደፊት ይሄዳሉ፤ መታጠፍ ስለማይችሉ መንገዱ ያለቀበት ግንብ ሥር ሃምሳ ያህል ሰው ግንባሩን አስደግፎ እየተራመደ ነው። ባለ ጎኖቹ ሰርግ ላይ ነበሩ፤ ሙሽሮቹ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄዱ፣ ሙሽራው «መልኳን ንገሩኝ» እያለ ሚዜዎቹን ይለምናል። ባለ ዙሮቹ በቆሙበት ይሽከረከራሉ፤ ከእነሱ አንዷ ለልዑልሰገድ ሰላምታ ጀምራ ለመጨረስ አራት ጊዜ መዞር ግድ ሆነባት።

«ይሄ ምን ዓይነት ኑሮ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ አንተ... ነህ... ያስተማርከን... እኮ!» አለችው እየዞረች።

ያን ጊዜ እትዬ አልጋነሽ ከጎኑ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አያቸው። ቦርሳቸው ከጀርባቸው ወድቋል። በውስጡ መድኃኒታቸው አለ። እሳቸው መዞር አይችሉም፤ እሱ ወደ ጎን መሄድ አይችልም።

«ልጄ፣ አቀብለኝ» አሉት። አሁን አወቁት።

መስታወቱን በትከሻው ገፋው፤ በቡጢ መታው። ንቅንቅ አላለም። «የመዞር ፈቃድ አምጣ!» አለው መስታወቱ።

ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ደጃፍ ላይ ሠራተኞቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ባለጉዳዮቹ ውስጥ ሻይ እየጠጡ «ነገ ተመለሱ» ይሏቸዋል። ልዑልሰገድ ባለጉዳይ ስለሆነ በቀጥታ አስገቡት። ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ የተኛች የስድስት ወር ሕፃን ነበረች። እግሯን ወደ ላይ ትሰቅላለች፣ እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች፣ ተጠማዝዛ በሆዷ ትገለበጣለች። አንድም መስታወት አልነበራትም።

«ሦስቱን መስታወቶች ንገረኝ» አለችው በወፍራም ድምፅ።

ያጠናው ነው፤ ሳያቅማማ ጀመረ። «አንደኛው መስታወት ሰውን ግራና ቀኝ አድርጎ ይከፍላል። በእሱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እንሄዳለን፣ ቁጭ ብድግ እንላለን። ሁለተኛው ፊትና ጀርባ አድርጎ ይከፍላል። በእሱ ወደ ጎን እንራመዳለን፣ እጃችንን ወደ ጎን እናነሳለን። ሦስተኛው ወገብ ላይ እንደ ትሪ ተጋድሞ ላይና ታች ይከፍላል። በእሱ እንዞራለን።»

«ሰው ከጀርባው ቦርሳ ሲያነሳ በየትኛው ነው?»

«በአንዱ ብቻ አይሆንም። ይዞራል፣ ወደ ጎን ይጋደላል፣ ጎንበስም ይላል።»

«ታዲያ ለምን አንዱን ብቻ አስተማርካቸው?»

ልዑልሰገድ ብዙ ሰበብ ነበረው፤ ደንበኛ ቶሎ ላብ ማየት ይፈልጋል፣ ወደፊት ማሠራት ይቀላል፣ ጊዜ የለም። ሁሉንም ተወው።

«እኔ ራሴ ሌላ አላውቅም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሳላውቅ ነው ያሠራኋቸው። ጎዳኋቸው።»

ሕፃኗ ተገለበጠችና ተረከዟን ቀለም ውስጥ ነክራ የፈቃድ ወረቀት ላይ አተመች። «አንድ ጊዜ መዞር ተፈቅዶልሃል። እንዳታባክነው።»

ሮጠ። እትዬ አልጋነሽ እዚያው ናቸው። ከጎናቸው ሲደርስ ቆመ፣ እግሩን ተከለ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ከዳሌው ጀምሮ ቀስ ብሎ ዞረ። መስታወቱ እንደ በረዶ ሲሰነጠቅ ሰማ። እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ የቦርሳውን ማንገቻ ነኩ፣ እትዬ አልጋነሽም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ—»

«ተነሥ! አንተ፣ ተነሥ እንጂ!»

የጂሙ ባለቤት አቶ ሙዘይን በጫማቸው ጫፍ ልዑልሰገድ ያሸለበበትን የጂም ምንጣፍ እየነካኩ ነበር። ከኋላቸው አራት ተሸካሚዎች አንድ ትልቅ ሣጥን ይዘው ያለከልካሉ።

«ምንጣፉን ጠቅልል፤ ስምንት የመሮጫ ማሽን ገዝቻለሁ። እዚሁ ነው የሚደረደሩት።»

ልዑልሰገድ ዓይኑን እያሸ ተቀመጠ። ለእትዬ አልጋነሽ ያዘጋጀው ባዶ ቦታ ይህ ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሰው አለኝ። ወደ ጎን የሚራመዱት፣ ወገባቸውን የሚያዞሩት እዚህ ነው። ትንሽ ክፍት ቦታ ይተዉልኝ።»

«ሰው መሮጥ ነው የሚፈልገው ወንድሜ። ሊዞር ከፈለገ ቤቱ ይዙር።»

«መብራት ከጠፋ እኮ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው! በምን ይሮጣሉ?»

አቶ ሙዘይን ጥቂት አሰቡ።

«እስኪመጣ ላዩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ» አሉ።