የዕቃ ቤቱ ቁልፍና አምስቱ «ለምን»

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እስከ ዛሬ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አልተመለሰም።

የእድሩ ኮሚቴ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ግቢ ከጠዋቱ 3፡40 ተሰበሰበ። አግዳሚ ወንበሮቹ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው ስለነበር፣ ተከሳሿ የቀድሞ ቁልፍ ያዥ ወ/ሮ ትርሓስ ከፍተው አውጥተው መልሰው ቆልፈዋል።

የተገኙ፦ አቶ ሉልሰገድ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ቃለጽድቅ (አዲስ ተመራጭ ቁልፍ ያዥ)፣ አቶ ሰመረ (ወርቅ ሠሪ፣ አባል)፣ ወ/ሮ ኤደን (ጸሐፊ)። ከአምስት አራት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ለሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ይዘው አላስረክብም ያሉት ወ/ሮ ትርሓስ ከእድሩ ይሰረዙ ወይ? የሚቀብራቸው ሌላ እድር እንደሌላቸው ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው የሁለት ቀን የግጭት አፈታት ሥልጠና ወስደው መመለሳቸውን ገልጸው፣ የጠብ ሥሩ የሚገኘው አምስት ጊዜ «ለምን» ሲባል ብቻ እንደሆነ አስረዱ። አቶ ሰመረ «ፋዘር፣ አራዳ አንዴ ጠይቆ ይገባዋል» ያሉት በአስተያየትነት ተይዟል።

ወ/ሮ ትርሓስ ለመጀመሪያው «አልሰጥማ!»፣ ለሁለተኛው «ልጆቼም ጎረቤቶቼም ሄደዋል። ቁልፉን ካስረከብኩ በሬን ማን ያንኳኳል?» ሲሉ መለሱ። ጸሐፊዋ መልሱ የተገኘ ይመስላል ቢሉም፣ ሰብሳቢው ገና ሦስት ይቀራል ብለው ቀጠሉ። ለሦስተኛው «ባሌም ስለሞተ ነዋ!» የሚል መልስ ተገኘ። አራተኛው «ባለቤትዎ ለምን ሞቱ?» የሚል ሆኖ በመገኘቱ «እሱን እንኳ እግዜርን ጠይቀው» የሚል ምላሽ ተሰጥቷል። አምስተኛው በይደር ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ አቶ ቃለጽድቅ ቁልፉን ለምን ፈለጉ?

«ደንቡ ነው» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ፣ ወ/ሮ ትርሓስ «እኔን እንዲህ አድርቃችሁኝ እሱ በአንድ ሊያመልጥ ነው?» ሲሉ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ፤ ተቀባይነት አገኘ። አቶ ቃለጽድቅ በሦስተኛው «ለምን» ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስልካቸው ጮሆ እንደማያውቅ አመኑ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቁልፉ ተባዝቶ ሁለቱም እንዲይዙት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወዲያው ሰብሳቢው የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ 9 አነበቡ፤ «ቁልፍ ያዥ አንድ ሰው ነው» ይላል።

አቶ ቃለጽድቅ «እንግዲያው ለእርስዎ ይሁን» ሲሉ፣ ወ/ሮ ትርሓስ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው «አንተንስ ማን ይጠራሃል? እንካ!» አሉ። አቶ ቃለጽድቅ አልቀበልም አሉ። ጠቡ በአዲስ መልክ ቀጥሏል።

ስለሆነም ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ስብሰባው ከቀኑ 6፡15 ሲበተን ሁለቱ ገና እየተግደረደሩ ስለነበር፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ አልተመዘገበም። ወ/ሮ ትርሓስ ይሰረዙ የሚለው ሐሳብ ታኅሣሥ 5 ቀን በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰናል፤ እስካሁን ደጋፊ አልተገኘለትም።