ከንቲባውን በግራ ያቆምኩበት የመጨረሻ ፍርድ

በዋሃካ ተራሮች ሥር፣ ስሟን መጥራት ለጤናዬ በማይበጅ አንዲት ከተማ፣ ሥዕል በእንጨት ላይ ቀርጾ በወረቀት የሚያትም፣ ሹማምንት የሚንቀጠቀጡለት አንድ ሰው አለ። እሱም እኔ ነኝ። ሦስተኛ ክፍልን ሦስት ዓመት ስለተማርኩት ከማንም ይልቅ ጠልቄ አውቀዋለሁ።

ክቡር ከንቲባችን ዶን ፊደንሲዮ፣ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል» መኖሪያዬም የሆነውን ማተሚያ ቤቴን አፍርሰው የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት አሰቡ። በከተማው ያሉት አራት መኪኖች ናቸው፤ ሦስቱ የእሳቸው። ነገሩ የሚጸድቀው በበዓሉ ዕለት፣ ሕዝቡ አደባባይ ተሰብስቦ እጅ ሲያወጣ ነው። እኔም ሕዝቡን ላነቃ ተነሣሁ።

የመጨረሻውን ፍርድ ቀረጽኩ። ጌታ መሐል ተቀምጧል። በግራው ከንቲባውን ከነቦርጫቸው አቆምኩ፤ በቀኙ ራሴንና ባለቤቴን ኤውላሊያን። ቀንድ፣ ጅራት፣ የገሃነም እሳት አላስገባሁም፤ እሱ ላልተማረ ነው። ከሥር ብቻ «በቀኝ ያሉት ይድናሉ፤ በግራ ያሉት ይጠፋሉ» ብዬ ጻፍኩ። ቢላዬ ከመሳሉ የተነሣ እንጨቱ ገና ሳልነካው ይሰነጠቅ ነበር።

ኤውላሊያ እንጨቱን ቀለም ስትቀባ ቆም አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ላይ ያለው ወረቀት ላይ ሲወጣ ይገለበጥ የለም እንዴ?»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ፊደሎቹን አታይም? አንድ በአንድ ገልብጬ ነው የቀረጽኳቸው!»

«ፊደሎቹንስ አየሁ። ሰዎቹን ግን...»

«ቀለምሽን ቅቢ!»

ቀባች። ሁለት መቶ ቅጂ አትመን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ገበያው በዱቄት ሙጫ ለጠፍን። እኔ አንዱንም አላየሁትም፤ ሊቅ የራሱን ሥራ ዞር ብሎ አያይም።

በበዓሉ ጠዋት ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ከቦ ሳለ ደረስኩ።

«ጉድ እኮ ነው!» ትላለች ታማል የሚባለውን የበቆሎ ጥቅልል የምትሸጠው ዶኛ ኸርሚላ። «ዶን ፊደንሲዮን ጠላታቸው እንኳ በጌታ ቀኝ አቆማቸው!»

«ቀራጩስ?»

«እሱማ ራሱን ያውቃል። ግራ ነው ያለው።»

ገፍቼ ገባሁና አየሁ። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሰዎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል።

«ወገኖቼ፣ ተገልብጦ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ጽሑፉስ ታዲያ ለምን አልተገለበጠም?» አለኝ ጫማ ሰፊው ናቦር።

ይህ ትምህርት በሦስተኛ ክፍል አይሰጥም።

«እኔንስ ምን በደለችኝ ብለህ ነው ገሃነም ይዘኸኝ የወረድከው?» አለች ኤውላሊያ ከኋላዬ።

ይህን ጊዜ ዶን ፊደንሲዮ ዓይናቸውን እየጠረጉ መጥተው አቀፉኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ ቤትህን ላፈርስ ስነሣ አንተ እንዲህ ታከብረኛለህ? ግን ራስህን ለምን ከጠፉት ጋር አቆምክ? እውነቱን ንገረኝ። ስህተት ከሆነ አልቀየምህም፤ ሥዕሉንም ዛሬውኑ አስነሣለሁ፣ ቤትህንም አላስፈርስም።»

አንዲት ቃል ነበረች የቀረችኝ። ኤውላሊያ «በል እንጂ!» እያለች ጎኔን በክርኗ ትወጋኛለች። ግን ይህን ሁሉ ዘመን እንጨት የቀረጸ ሰው፣ በሕዝብ ፊት ቀኝና ግራውን አያውቅም ይባል?

«ስህተት የለውም፣ ክቡርነትዎ» አልኩ። «ከትሕትና የተነሣ ነው።»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ወዲያውም ቤቴ እንዲፈርስ እጁን አወጣ። ትሑት ሰው ሕዝብን አይቃወምምና እኔም አወጣሁ።

ዛሬ ቤት የለኝም። በትሕትና ግን በዚህች ከተማ የሚተካከለኝ አንድም ሰው የለም፤ ይህንንም ሳልጠየቅ ለሁሉም እናገራለሁ።