የእትዬ ዓሊማ ቡና እና የጎረቤት አተላ

ልጅ የወለደ ጎረቤት ይቻላል። ተክል የወለደ ጎረቤት ግን አይቻልም! ልጅ ቢያንስ አድጎ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ተክል እዚያው ደጃፍ ላይ ተገትሮ ግቢውን ሁሉ ሞግዚት ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ግቢ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ እዚህ ጉለሌ፣ የእኛዋ ክብርት እትዬ ዓሊማ ነበሩ፤ የባለሱቁ የሸፊ ባለቤት፣ የአንዲት የቡና ተክል ወላጅ እናት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጥርስ በሚያንገጫግጭበት ሰፈር ቡና!

“እትዬ፣ ይሄ እኮ ጅማ አይደለም” ብላቸው፣

“ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!” አሉኝ።

ጥቅምት ሲገባ ውርጩን ፈርተው የሸፊን ጋቢ አለበሷት። ሸፊ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ቢያጉረመርም፣ “አንተ ደግሞ ምን ታፈራለህ?” አሉት።

ምግቧ የቡና አተላ ነበር። ጧት ጧት ባልዲ ይዘው በየበሩ ይዞራሉ። “አተላ እንዳትደፉ! የልጄ ነው!” ያኔ ከክፍለ ሀገር ቡና ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ከቀበሌ ሱቅ የምትደርሰን ቁንጥር ስለማትበቃ ገብስ ቆልተን እንቀላቅልባታለን። እትዬ የእኔን አተላ አሸተቱና፣

“ይሄማ ገብስ ነው! ልጄን ፈረስ ልታደርጋት ነው?”

በገንኩ! በራሴ ፊደል ቆጥሬ፣ በየስብሰባው እጄን አውጥቼ የምከራከር ሰውዬ፣ በአተላ ፈተና ወደቅኩ!

የተክሏ የመጀመሪያ ፍሬዎች መቅላት በጀመሩበት ሳምንት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ መዝገቡ ከተፍ አሉ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ በየስብሰባው ቡና ደብቆ የሚያስገባውን ሁሉ “የሕዝብ ጠላት!” እያሉ ጠረጴዛ የሚደበድቡ ሰው ናቸው።

“ግቢው በሙሉ ጎመን ይተከልበታል። ይቺ ነገ ትነቀል!”

ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ዓሊማ ቀደሙኝ፤ እንባ በእንባ ሆነዋል።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ይጨክኑባታል? በእርስዎ ቤት አተላ አይደል እንዴ ያደገችው! የዚህ ሁሉ ሰው ገብስ ነው። የእርስዎ ብቻ ንጹሕ ቡና፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቀን ሳይጓደል! አላህ ይስጥልኝ!”

ጎረቤታችን ይገዙ ሳቁን ሊደብቅ ሲስል ሊታነቅ ደረሰ። ጓድ መዝገቡ አዩን፤ አየናቸው።

“እ... ማለቴ... ጎመኑ ከወዲያ ጥግ ይሁን” ብለው እብስ!

“እትዬ፣ አውቀው ነው?” አልኳቸው።

“ምኑን? ሰው ልጅህን ሲያበላልህ አታመሰግንም?”

በማግስቱ ከጓድ መዝገቡ ቤት የወጣው አተላ ገብስ ገብስ ሸተተ። እትዬ ባልዲውን አቅፈው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። አላስችል አለኝ። ያቺን ተክል ስረግማት የኖርኩት ሰውዬ፣ ከአዲሱ ገበያ በድብቅ የገዛሁትን አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና በካፖርቴ ሥር ሸጉጬ፣ የሕዝብ ጠላት ሆኜ ገባሁ።

ጧት አተላዬን አቀረብኩ። እትዬ ዓሊማ አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

“አሁን ገና ሰው ሆንክ” አሉኝ።