ፈረንጁ «የል!» ያለኝ ዕለት

ሰው የማያውቀውን ሲጠይቁት «አላውቅም» ማለት ይከብደዋል፤ አስተማሪ ከሆነማ ጨርሶ አይሆንለትም። እኔ ከዚህ ነፃ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። በንጉሡ ጊዜ ወረታ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል፣ ከተማሪዎቼ ሁለት ገጽ ቀድሜ አነብ ነበር ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ከመጽሐፉ ውስጥ «የል» የምትል ቃል ብቅ አለች። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማሰማት እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ገባኝ፤ ግን ምን ዓይነት ድምፅ? መዝገበ ቃላት የለኝም። «የል፣ የል፣ የልልል» እያልኩ ስደጋግማት እልልታ ሆና አረፈችው! ምን ያጠራጥራል? እንግሊዞች ከእኛ ወስደዋት ነው። ይህንኑ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ተማሪዎቼም ኮራ ብለው ገለበጡ።

በዚያው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ የፎገራን ውሃ ሊለካ የመጣ ፈረንጅ አስተርጓሚው አድርጎ ወሰደኝ። ረጅም፣ ምክር የማይሰማ ሰው ነበር። ወደ ርብ ወንዝ ስንወርድ አያ ታፈረ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ «በዚያ በኩል አትሂዱ፤ ዋልካው ሰው ይውጣል» አሉን። ተረጎምኩለት። እሱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦቲውን አሳየኝ። የፎገራ ጭቃ ግን ጫማ አይቶ የሚያፍር አይደለም።

ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጉልበቱ ድረስ ገባ። ልውጣ ብሎ ሲታገል ወገቡ ድረስ። እጄን ብዘረጋለት እኔም ልከተለው ሆነ። ደጋው ዘንቦ ኖሮ ርብ ሞልቷል፤ ውሃው በሣሩ መሃል እየተሳበ ይመጣል። በሩቅ ጉብታ ላይ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ይታያሉ። ፈረንጁ ወደ እነሱ እየጠቆመ «የል! የል!» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰው እየሰመጠ እልል በሉልኝ ይላል? ግን የፈረንጅ ነገር ስንቱ ገብቶኝ ነው ይህን የምጠይቅ? ጢም ያወጣሁ ሰውዬ እጄን አፌ ላይ አድርጌ «እልልልል!» አልኩ።

ሰዎቹ ቀና አሉ። ከዚያ ደመቅ ያለ እልልታ ከጉብታው ተመለሰልን። የሚንቀሳቀስ ግን የለም። ጭቃው ደረቱ ላይ የደረሰው ፈረንጅ አሁንም «የል!» አለ። ደገምኩ፤ እነሱም ደገሙ። እንዲህ ስንቀባበል አያ ታፈረ በታንኳ፣ ቀስ ብለው፣ ፈገግ እያሉ ደረሱ። ገና ከሩቅ «ማን ተገላገለች? ወንድ ነው ሴት?» አሉ።

በጣቴ ጭቃውን አሳየኋቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። «እሪ! የሰው ያለህ!» ብለው ቢጮኹ፣ ጉብታው ላይ የነበረው ሁሉ መጫኛ ይዞ እየሮጠ ወረደ። ብብቱ ስር ጠፍረው ጎተቱት። እሱ ወጣ፤ ቦቲዎቹ ቀሩ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሲሰምጥ እልል ማለትን ከማን ተማርክ?» አሉኝ አያ ታፈረ።

«እሱ ራሱ በል አለኝ» አልኩ። አላመኑኝም።

በማግሥቱ ፈረንጁ ሊያመሰግናቸው ቤታቸው ሄድን። ወፍራም መዝገበ ቃላቱን ይዞ ነበርና በፊታቸው ገልጦ ቃሏን አነበበልኝ። መጮህ ማለት ናት። ፊቴ ጋለ። ሊከድነው ሲል ግን የቃሏን የዘር ሐረግ አየሁ፤ ለካ በጥንት ዘመን መዝፈን ከሚል ቃል ጋር ትዛመዳለች፤ በሌሊት የምታዜም የአንዲት ወፋቸው ስምም ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል እንዲሉ፣ ይችኑ ጨበጥኩ። ለሽማግሌው የተረጎምኩት ይህችን ብቻ ነው።

አያ ታፈረ ፈረንጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እና ደረቱ ድረስ ሰምጦ፣ ዝፈንልኝ ነው ያለህ?»

ምን ልበል? «አዎ» አልኩ።

ብድግ ብለው አገላብጠው ሳሙት።

ወሬው ሐሙሲት ገበያ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲያ ፈረንጁ በመንገድ ባለፈ ቁጥር፣ ሞትን በዘፈን ለሚቀበል ጀግና እንደሚገባው ገበሬው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳዋል። ሰዉ ለምን እንዲህ እንዳከበረው ግራ ቢገባው እኔን ጠየቀኝ።

«የፎገራ ሰው» አልኩት፣ «ውሃ የሚለካለት ሰው ይወዳል።»