ሊቀ ጆሮ ኒቆዲሞስ እና የቤዙ ጩኸት

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሚኒባሱ አንድ ድምፅ የሚሰማው ሰው አይጠፋም። እኛ ሌሎቻችን ጆሮ የተሰጠን መነጽር ለማንጠልጠል ነው። እሱ ግን ፍሪጅ ሲያጉረመርም፣ ማጠፊያ ሲያቃስት፣ አምፖል ሊቃጠል ገና ሲያስብ ይሰማዋል። ጨዋታው ሲደራ እጁን ሽቅብ ያነሳና «ቆይ፣ ዝም በሉ! ትሰማላችሁ?» ይላል። ማንም አይሰማም። እሱም እንደ ታማሚ በሐዘን ያየናል።

የዚህ ወገን የድሬዳዋ ተጠሪ ሊቀ ጆሮ ኒቆዲሞስ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ የባንዱ አባላት ነን፤ እሱም አንድ ቀን አልተቃወመም። ኒቆዲሞስ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ እኔ ኪቦርድ፣ ሃኒ ትዘፍናለች፣ ኻሊፍ ደግሞ የድምፅ መሣሪያው ባለቤትና ተቆጣጣሪ ነው። ድሬ ውስጥ ከተዳራችሁ ወይ እኛ ዘፍነንላችኋል፣ ወይ እኛን ፈልጋችሁ አጥታችሁናል።

ከኒቆዲሞስ ጋር የተዋወቅነው ከቀፊራ ወደ ለገሃር ባጃጅ ተጋርተን ነው። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሹፌሩን አስቆመው።

«ትሰማላችሁ? የሆነች ነገር ታፏጫለች።»

«አቦ፣ ባጃጇ ከጋራዥ የወጣችው ትናንት ነው!» አለ ሹፌሩ።

ኒቆዲሞስ በዚያ በቀትር ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን ጎማ ላይ ለጠፈ። ሞተሩን አዳመጠ፣ ሸራውን አዳመጠ። በመጨረሻ ተመልሶ ገባና ጆሮውን ፊቴ ላይ ደቀነው።

«አገኘኋት» አለ። «አፍንጫህ ናት። አየር ስትስብ ታፏጫለች።»

ደርቄ ቀረሁ። እናቴ እንኳን ያልነገረችኝን ጉድ አንድ የማላውቀው ሰው ድልድይ ላይ ይንገረኝ? ሹፌሩ በሳቅ ብዛት ሞተሩን ማስነሳት አቃተው።

ልብ በሉ፣ በሊቀ ጆሮ አፍ የማይፈለግ ድምፅ ሁሉ «እሷ» ነው። ትመጣለች፣ ትሄዳለች፣ ትደበቃለች፣ ታሾፍበታለች። ሚስት ያላገባው ለዚህ ይሆን እያልን እናማዋለን፤ ሁልጊዜ የሚያሳድዳት አንዲት አለችው።

አንድ ዘመዱ በጅቡቲ በኩል አዲስ ቤዝ ጊታር ሲያመጣለት ግን ነገሩ ከሐሜት አለፈ። ጊታሩ ሆዱ ውስጥ ባትሪ አለው፤ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ ከመላኩ በፊት ራሱ የሚያጠራና የሚያጎላ ትንሽ መሣሪያም ተገጥሞለታል። «አክቲቭ ነው» ይላል ኒቆዲሞስ፣ ልጁ ዶክተር እንደሆነለት አባት። «የድሮው ጊታር እንጨት ነው። ይሄኛው ልብ አለው።»

ብዙም ሳይቆይ ልቡ ታመመ። ቤዙ «ሽሽሽሽ» ማለት ጀመረ። ይህን እኛም ሰማነው፤ ሊቀ ጆሮ ሰው ያገኘ ያህል ደስ አለው። መጀመሪያ የጠረጠረው የልምምድ ቤቱን መብራት ነበር፤ አጠፋውና በጨለማ ተለማመድን። ቀጥሎ የኻሊፍን የስልክ ቻርጀር ከሰሰ። ከዚያ ጎረቤታችን ፋዱማ ቤት ሄደ። ፋዱማ በረዶና ቀዝቃዛ ጭማቂ ትሸጣለች።

«ፋዱማ፣ እህቴ፣ ለአንድ አፍታ ፍሪጅሽን ንቀይልኝ።»

«ፍሪጄ ምን አደረገህ?»

«ጊታሬ ውስጥ ገብቶ እያጉረመረመ ነው።»

ፋዱማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አላህ ያሽርህ» አለችና ነቀለችለት። ድምፁ ግን አልጠፋም። ኒቆዲሞስ በሐሳብ ተውጦ ወደ ሌላ ተጠርጣሪ ሲሄድ፣ መልሳ እንድትሰካ መንገር ረሳ። በድሬ ሙቀት! ፋዱማ ከበርጫ ስትመለስ በረዶዋ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት። ያን ቀን በሶማሊኛ የተናገረችውን ኻሊፍ ሊተረጉምልን ፈቃደኛ አልሆነም።

ጥፋተኛው ባትሪው ነበር። እንዲህ ያለ ጊታር ገመዱ ተሰክቶ ከዋለና ካደረ፣ ማንም ሳይጫወትበት ባትሪው ያልቃል። ኒቆዲሞስ ደግሞ ገመዱን ነቅሎ አያውቅም። ኻሊፍ አዲስ ባትሪ ሲያስገባ ሽሽታው ጠፋ።

«አስቀድሜ ጠርጥሬያት ነበር» አለ ሊቀ ጆሮ ሳያፍር። «ማስረጃ እያሰባሰብኩ ነው የቆየሁት።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጊታሩ ሆድ ባዶውን ስለሆነ የውጭ ጫጫታ ይገባበታል ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ስህተት አልነበረም። ለምርቃት ድግስ መድረክ ላይ ቆመን ካቻቢቴውን አወጣና የጊታሩን ጀርባ ፈታ። ዶሮ የተጠቀለለበትን ፎይል ጠርጎ ውስጡን ለበጠው፤ ዘግቶም ክሮቹን መታ።

«ትሰማላችሁ?»

«ምንም አንሰማም» አልን።

«አያችሁ! ጠፋች!»

«አቦ፣ ቤዙም አብሯት ጠፋ እኮ!» ብሎ ኻሊፍ ጮኸ። ፎይሉ ድምፅ የሚያስተላልፈውን ሽቦ ነክቶ ጊታሩን ዱዳ አድርጎት ነበር። ያን ድግስ ያለ ቤዝ ተጫወትን፤ ኒቆዲሞስም ሙሉውን ጊዜ ጸጥታውን እያደነቀ ቆመ።

እንግዲህ የምሥራች በምትባል ሙሽራ ሠርግ ቀን የሆነውን ስነግራችሁ፣ ለምን እንዳላመንነው ይገባችኋል።

ሠርጉ ሳቢያን ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲጠና። ድግሱን የመሩት የሙሽሪት አክስት እትዬ በለጠች ናቸው፤ እሳቸው ሲቆጡ ድስት እንኳን ዝም ይላል። ሙቀቱን ለማብረድ የመድረኩን ሲሚንቶ ውሃ አርከፍክፈውበታል። ሃኒ ባለ ተረከዝ ጫማዋ ሲያንሸራትታት አውልቃ በባዶ እግሯ ቆመች። ውጪ የአጃቢ መኪኖች ጥሩንባ እየቀረበ ነው። ኻሊፍ ሁሉንም መሣሪያ በራሳችን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ ግድግዳው ላይ አገናኘው። ስፒከሮቹ ነቁ።

ኒቆዲሞስ ክሮቹን ነካ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ነካ።

«ቆይ፣ ዝም በሉ።»

«ኒቆ፣ ሙሽሪት በር ላይ ናት» አልኩት።

«ሌላ ጊዜ ክሩን ስነካ ዝም ትላለች። ዛሬ ስነካው ይብስባታል። ጣቴንም ቆነጠጠችኝ።»

«አቦ ተወን!» አለ ኻሊፍ። «ለዛሬ እንኳን ይለፈን።»

የአዳራሹ በር ተከፈተ። እልልታው ፈነዳ። ሃኒ በኒቆዲሞስ እየሳቀች እጇን ወደ ማይኩ ዘረጋች።

«ሃኒ! እንዳትነኪው!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሃኒ እጇ አየር ላይ ቀረ። ኒቆዲሞስ ያን እንደ ልጁ የሚያየውን ጊታር ሲሚንቶው ላይ ወረወረና እየሮጠ ሄዶ ገመዱን ከግድግዳው መነጨቀ። ስፒከሮቹ «ጓ!» ብለው ሞቱ። እልልታው ከመሃል ተቆረጠ። የምሥራች አንድ እግሯ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጪ ሆኖ ቀረች። ሚዜዎቹ ደነገጡ፤ ቪዲዮ ቀራጩ ደንግጦ ካሜራውን ወደ ጣሪያው አዞረው።

እትዬ በለጠች መድረኩ ላይ ወጡ። «ምን ሆነሃል አንተ? ልጄ እንደ ለቅሶ ቤት በጸጥታ ትግባ?»

«እትዬ፣ ይማሩኝ። ማይኩ ይገድላል።»

«እኔ ነኝ የምገድልህ! ሰካው!»

«ቢገድሉኝም አልሰካም።» የገመዱን ስፒና ደረቱ ላይ አቀፈ።

ኻሊፍ ትዕግሥቱ አለቀ። ኤሌክትሪክ ስትነካ የምትበራዋን ቴስተሩን ከኪሱ አወጣ። «ወላሂ ዛሬ ይለይልን። ካልበራች ከባንዱ ወጥተሃል።»

«እንደነበረው ሰካው» አለ ኒቆዲሞስ። «ሰው ግን ምንም እንዳይነካ።»

ኻሊፍ ሰካውና የቴስተሩን ጫፍ በማይኩ ብረት ላይ አሳረፈ። ቀይ መብራቷ ቦግ አለች። ወደ ጊታሩ ክር ወሰዳት፤ ቦግ አለች። የማይኩ ማቆሚያ ላይ፤ ቦግ። የኻሊፍ ፊት አመድ መሰለ። ሃኒ ባዶ እግሯን አየች፣ ከእግሯ ሥር ያለውን ውሃ አየች፣ ማይኩን አየች። ከዚያ ወንበር ሳትፈልግ ዝርግፍ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እትዬ በለጠች ነጠላቸውን አውልቀው ሃኒን አለበሷት። ቀጥለው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «በዚህ ቤት ከበሮ የለም እንዴ?» የምሥራች በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ገባች። ከዚያ ያማረ የሙሽራ አገባብ አይቼ አላውቅም፤ ለሙያችን ክብር ስል ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከአዳራሹ ጀርባ ኻሊፍ የማከፋፈያውን ሆድ ፈታው። ውስጡ አንዲት አጭር ሽቦ ታስራለች፤ መሬት መሆን ያለበትን መስመር ከሁለቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ካንደኛው ጋር ያገናኘች። ስፒናው ባንድ በኩል ከተሰካ ምንም አይሆንም። ተገልብጦ ከተሰካ ግን ኤሌክትሪኩ በቀጥታ የምንነካው ብረት ሁሉ ላይ ይወጣል።

«ይሄን ያሰረ ማነው? እጁ ይሰበር!» አለ ኻሊፍ።

«እኔ ነኝ» አለ ኒቆዲሞስ።

ሁለተኛው ድንጋጤ ከመጀመሪያው ባሰ። ለካ ከልምምድ በኋላ ብቻውን ቀርቶ ጩኸቷን ሲያሳድድ ያቺን ሽቦ አስሯት ነበር፤ ያን ቀን ጩኸቷ እውነትም ጠፋችለት። ኒቆዲሞስ ሁለት እጆቹን ገልብጦ ገልብጦ አያቸው፤ ከዚያም ጊታሩን እንኳን ሳያነሳ በእግሩ ሄደ።

ስልኩን ዘጋ። በምትኩ ሌላ ቤዝ ተጫዋች አመጣን፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቢጮህም ይጫወታል፣ ባይጮህም ይጫወታል፣ ምንም አያስቆመውም። ልምምዳችን በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ያልቅ ጀመር። ማንም ግን አይስቅም። ሃኒ ማይክ ከመያዟ በፊት በጣቷ ጀርባ ነካ ታደርገዋለች፤ ቀለም የምታረጋግጥ ትመስላለች። አንድ ቀን ጭራሽ ሳትይዘው ቀረች። «ተነሱ» አለችን፤ በባጃጅ ወደ ከዚራ ሰፈር፣ ኒቆዲሞስ ቤት ሄድን።

ኒቆዲሞስ ሽርጡን አገልድሞ ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሃኒን ሲያያት ተነሳና መሬት መሬት አየ።

«ልገድልሽ ነበር እኮ» አለ።

«አዎ፣ ልትገድለኝ ነበር» አለች ሃኒ። ምንም አላለሰለሰችለትም። «ያን ሽቦ ያሰረው እጅህ ነው። በእጅህ አላምንም፣ ከእንግዲህም አላምንም። ሁላችንም እየሳቅንብህ የሰማልኝ ግን ጆሮህ ነው። ካቻቢቴህን ለኻሊፍ ስጥና ጆሮህን ይዘህ ና። አንተ ሳትሰማልኝ ማይክ አልይዝም።»

ኒቆዲሞስ ቤት ገባ። ብረት ሲንኳኳ ሰማን። በከረጢት ሙሉ መሣሪያ ይዞ ወጣና ለኻሊፍ አስረከበ፤ ጠፋብኝ ብዬ የተውኩት የእኔ ፒንሳም ከውስጡ ተገኘ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር ሁላችንም ለጊዜው ዛፉን መመርመር ጀመርን።

«በሽርጥ ልትጫወት ነው?» አለች ሃኒ። «ልበስ፣ ሥራ አለብን።»

ሱሪውን ሊለብስ ሲገባ፣ ሞተሩን እንዳያጠፋ ለባጃጁ ሹፌር በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ቢያመነታ፣ ተመልሶ ቁጭ ቢልስ ብዬ ሰጋሁ፤ እስኪወጣ ድረስ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም።