የሊቀ ጠመቃ መራራ ቢራ

በየቤተ ዘመዱ አንድ ጠማቂ አለ። የሌላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ጠማቂ ማለት እቤቱ ቢራ የሚሠራ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሠራውን ሰው ካልቀመሰለት እንቅልፍ የማይወስደው፣ ቀማሹ ፊቱን ካጨማደደ ደግሞ «ምላስህ ገና አልነቃም» የሚል ፍጡር ነው።

በሰፈራችን ብረት በያጅ ቤተሰብ ይህ ሹመት የወደቀው በታናሽ እህቱ ባል ላይ ነበር። ሰውየው በሥራ ቀን ፋርማሲስት ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሽርጥ ታጥቀው ጓሮ ካለችው ዕቃ ቤት ሲገቡ ሊቀ ጠመቃ ይሆናሉ። የሚጠምቁበትን በርሜል የበየደላቸው ራሱ በያጁ ነው። «ምነው ያን ቀን እጄን በሰበረው!» ይላል እስከ ዛሬ።

የመጀመሪያው ቢራ መራራ ነበር፣ ግን ይጠጣል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ቀመሰና ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ይሉኝታ ይዞት፣ «ግሩም ነው! እንዲያውም ትንሽ ቀለል አለብኝ» አለ። ሊቀ ጠመቃ ሆፕስ የሚባለውን መራራ አበባ እጥፍ አደረጉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላው ጎረቤት፣ ጡረተኛው ዳኛ፣ ከልብስ ሰፊ ላለማነስ «ይሄማ የሕፃን ነው» ብለው ፈረዱ። አበባው እንደገና ተጨመረ። በመጨረሻ ዝንብ እንኳ ብርጭቆው አፍ ላይ አርፋ፣ አስባበት፣ ተመልሳ ሄደች።

አንድ ቅዳሜ እህቱ በያጁን ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችው።

«ወንድምዓለም፣ ፋርማሲውን ሊሸጠው ነው። ሰኞ ይፈራረማል። ቢራ ቤት እከፍታለሁ፣ ሰው ሁሉ ወዶልኛል ይላል።»

«አንቺ ለምን አትነግሪውም?»

«ባሌ አይደል? ቅር ይለዋል።»

የበያጁ ደም ፈላ። ዕቃ ቤት ሲገባ ብርጭቆ ተሰጠው።

«ጋሼ፣ ቀስ ብለህ። ጣዕሙ ኋላ ነው የሚመጣው» አሉ ሊቀ ጠመቃ።

መጣ። ምላሱ ተጠቀለለ፤ ጆሮው ጮኸ።

«ድንቅ ነው!» አለ ልብስ ሰፊው እያለቀሰ።

«ትንሽ ቀለል…» ብለው ጀመሩ ዳኛው።

በያጁ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «የምን ቀለል! ሬት ነው፣ ሬት! እናንተስ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ሰውየው ፋርማሲውን ሊሸጥ ነው፣ እናንተ እንባችሁን እየጠረጋችሁ ድንቅ ትሉታላችሁ!»

ሊቀ ጠመቃ የራሳቸውን ብርጭቆ ትኩር ብለው አዩት።

«መራራ ነው፣ አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። ሁላችሁ እንዲህ ስትወዱት ጊዜ፣ ምላሴ ነው ያልነቃው ብዬ…»

ሰኞ ፊርማው ቀረ፤ ፋርማሲው እንደ ወትሮው ተከፈተ። ቅዳሜ ግን ዕቃ ቤቷ ተቆልፋ ዋለች። በያጁ ደስ ሊለው ሲገባ እንደገና ተናደደ። የሚሄድበት አጣ፤ የሚቆጣውም ሰው አጣ። ቢቸግረው ሄዶ በራቸውን ደበደበ።

«ምነው፣ ዛሬ አልጠመቅክም?»

«ማን ይቀምስልኛል ብዬ፣ ጋሼ?»

«አንተ ጥመቅ፣ እኔ እቀምስልሃለሁ! ከመረረኝ ግን በርሜሉን አናትህ ላይ ነው የምበይደው!»

ሊቀ ጠመቃ ሽርጣቸውን ፍለጋ ሮጡ።