ጋሽ አምባቸው ያላስገዙኝ ኮምፒውተር

በየሰፈሩ ዕቃ የማያስገዛ አንድ ሰው አለ። እኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ያ ሰው እናንተው ናችሁ። ገበያ ስትወጡ ሳትጠሩት ይከተላችኋል፤ የመረጣችሁትን ዕቃ አገላብጦ ጉድለቱን ያወጣል፤ የሻጩን ፊት ያጠቁራል፤ መጨረሻ ላይ ባዶ እጃችሁን ወደ ቤት ይመልሳችሁና «አተረፍሽ!» ይላችኋል። እንዲህ ያለውን ሰው ሌላ ቦታ ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም። እኛ ባሕር ዳር ጥግ ያለን ዘንዘልማዎች ጋሽ አምባቸው እንላቸዋለን።

ሙሉ ማዕርጋቸው «ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ዘመብራት ወዘገመድ» ነው። ማዕርጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም እስካሁን አልተቃወሙም። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አገልግለዋል። ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው ተገላገለ፣ ሰፈሩ ተያዘ። ከደረት ኪሳቸው የመብራት መፈተሻ ቴስተር አይጠፋም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ይዘዋት ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሰርግ ተጠርተው ድንኳኑ ውስጥ የተዘረጋውን ገመድ አላመኑትም፤ ልክ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራቱን ድርግም አደረጉት። ሙሽራዋ በሚዜዎቿ ስልክ መብራት እየተመራች ገባች። ሰው ሁሉ ሲቆጣ «በሕይወት መግባቷ አይሻልም?» አሉ።

ካውያ ልትገዙ ብትሉ፣ ፍሪጅ ብትሉ፣ የጆሮ ማዳመጫም ብትሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ለዐሥር ቀን ነው ለዐሥር ዓመት?» ጎረቤቴ የብርጓል አንድ ጊዜ ሳታማክራቸው ቴሌቪዥን ገዛች። ሊያዩት መጡ። ሦስት ጊዜ ዞሩት፣ ከኋላው አጎነበሱ፣ ተመልሰው ሶፋው ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። ቴሌቪዥኑ ስምንት ወር ኖሮ አረፈ። ጋሽ አምባቸውም ለቅሶ ከመድረስ አልቀሩም።

ከእሳቸው ያመለጥሁ መስሎኝ ነበር። ምን ገዝቼ አውቃለሁና! ግን ልጄ ሔራን ተጎዳችብኝ።

ሔራን ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና የቀኝ እግሯ ጭኗ ላይ ተሰበረ። ብረት ገባላት። ሐኪሙ ወራት ይፈጃል አለን። የመጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቿ ሙዝና ጭማቂ ይዘው ቤቱን ሞሉት። ከዚያ ሦስት ሆኑ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ በስልክ ብቻ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች ናቸው፣ ፈተና አለባቸው፣ ዘንዘልማም ለእነሱ ሩቅ ነው። ልጄ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምን ላድርግልሽ ስላት ብርድ ልብሱን ትከናነባለች።

አንድ ቀን ግን ራሷ ጀመረች። «እማዬ፣ ልጆቹ እኮ በኢንተርኔት አብረው ጌም ይጫወታሉ። በስልኬ አይሠራም። ጥሩ ኮምፒውተር ቢኖረኝ እኔም ከእነሱ ጋር እገባ ነበር። እዚያ ውስጥ መሮጥ እችላለሁ።»

አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወሰድሁና ለሳሎን ዕቃ ብዬ ያስቀመጥሁትን ገንዘብ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ሊቀ ሊቃውንት!

«ወዴት ነሽ ሙሉነሽ?» አሉኝ። ለዘንዘልማ ሰው ሁሉ አንድ ምክር አለኝ፤ ይህን ሲጠይቋችሁ ዘመድ ጥየቃ ነው በሉ። እኔ ሞኟ እውነቱን ተናገርሁ።

«ኮምፒውተር? ለዐሥር ቀን ነው ለዐሥር ዓመት?»

«ለሔራን ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ለዐሥር ዓመት ነው» አሉና እኔ ስወርድ አብረውኝ ወረዱ።

ኮምፒውተር ሻጩ ሙአዊያ ጨዋ ሰው ነው። አባቱም አያቱም ወረታ ላይ ሲነግዱ የኖሩ፣ ደንበኛ አክባሪ ቤተሰብ ናቸው። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ የሚብለጨለጭ ኮምፒውተር አወጣልኝ። እንዴት ያምር ነበር! ሔራን አይታው ስትደነግጥ ታየኝ። «ይኼው ነው፣ ጠቅልልልኝ» አልሁ።

ጋሽ አምባቸው መነጽራቸውን አደረጉ። «ይቺ መብራት ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ለውበት ናት ጋሼ» አለ ሙአዊያ።

«ሐይቅ ዳር ተቀምጠን? የጣና ትንኝ የመንገድ መብራት ላይ እንዴት እንደሚሰፍር አላየህም? ይቺን ሲያይማ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ነው የሚመጣ። ማራገቢያው ትንኙን ይውጣል፣ ትንኙ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ሙቀት ያፍናል። ልጅቷ ጌም ትጫወት ወይስ ትንኝ ታርባ?»

ሙአዊያ ሳቀ። የዚያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀው ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ቀጥለው ኮምፒውተሩ ይፈታ አሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ተመርጦ ይገጣጠማል ብለው ፈረዱ። መጀመሪያ የጠየቁት ፓወር ሳፕላይ ነበር፤ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ሁለት አስመጡና አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጓቸው።

«ሙሉነሽ፣ ዶሮ ስትገዢ አንሥተሽ በእጅሽ አትመዝኚም? ይቺ ቄብ ናት፤ ሥጋ የላትም። ይቺ ደግሞ ትንሽ ትሻላለች፣ ግን አልወደድኋትም። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ሥዕሉን በሚያሳምረው ግራፊክስ ካርድ ላይ ይጨርስና እዚህ ላይ ይቆጥባል። ከዚያ የሰፈሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነድዳል። መጀመሪያ ዘበኛውን ቅጠሪ።»

የወደዱት ዘበኛ ሱቁ ውስጥ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ ይታዘዝ ተባለ። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ መጣ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ።

«አንቺ፣ ቤትሽን ስትሠሪ ዓምዱ ላይ ብረቱን ወደ ሰማይ ለምን ተውሽው?»

«እግዜር ቢፈቅድ አንድ ቀን ፎቅ እጨምር ይሆናል ብዬ ነዋ።»

«ጎሽ! እዚህም ላይ ብረቱ ይተውላት። ሁለት ሚሞሪ ዛሬ ትሰካ፣ ሁለት ቦታ ባዶ ይቆይ። ከአራት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብትቀይር ቤቱን አታፈርስም።»

ግራፊክስ ካርዱን ትልቁን ስጠኝ ስል ደግሞ ስክሪኑ ስንት ኢንች እንደሆነ ጠየቁና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከቆላ ድባ ሁለት ኩንታል ጤፍ ለማምጣት ተሳቢ መኪና ትከራያለሽ? መካከለኛው ይበቃታል።» ሳጥኑን ሲመርጡ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው የአቧራ ማጣሪያው ያለ መፍቻ ይወጣ እንደሆነ ፈተሹ። ከቀትር በኋላ የዕቃው ዝርዝር የተጻፈበት አንድ ወረቀት ብቻ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። «አተረፍሽ!» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቴስተራቸውን ይዘው ቤቴ ከች አሉ። ሶኬቱን ነካኩና «ሦስተኛዋ ቀዳዳ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! ለካ የትም አትሄድም። ሦስት ዓመት ሙሉ የኖርንበት ቤት ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ግንበኛው ግን ሦስተኛዋን ለጌጥ ትቷት ትርፉን መብራት ወደ መሬት የሚያወርድ ገመድ የሚባል የለም። የመንደራችን ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው አሉ። መሬት ሳይገባ ዕቃ አይገባም ብለው እጀታቸውን ሰበሰቡና ጓሮዬን ይቆፍሩ ጀመር። በስልሳ ሰባት ዓመታቸው! ጉድጓዱ ውስጥ ብረት ተከሉ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉበት። በአጥር በኩል ያየችን ጎረቤቴ ወለተ ሥላሴ መተት መስሏት አማትባ አለፈች፤ እስከ ዛሬ ድረስ ዓይኗ አያምነኝም።

ሳምንት አለፈ። ሁለት አለፈ። «ዘበኛው መጣ ወይ?» ስላቸው «መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በእግሩ ከአዲስ አበባ ቢነሣ እንኳ ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ደጃቸው ሄድሁና «ጋሼ፣ ልጄ አልጋ ላይ ተኝታ እርስዎ ስለ ጨውና ስለ ከሰል ያወሩኛል! ለዐሥር ዓመት አልፈለግሁም፤ ለዛሬ ነው የፈለግሁት!» ብዬ ጮህሁባቸው። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ! ጫማ ጫማቸውን አይተው «እሺ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ በቀጥታ ሙአዊያ ሱቅ ገባሁ። «ያንን የሚብለጨለጨውን ስጠኝ፣ ትንኙም ይምጣ!» አልሁት።

ሙአዊያ ግራ ገባው። «እትዬ ሙሉነሽ፣ የእናንተ ዕቃ እኮ ከመጣ ወር ሊሞላው ነው። አቆይልኝ ያሉኝ ጋሼ ናቸው። ወላሂ፣ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ!»

ደሜ ፈላ። ቀን ሥራ ላይ በምሆንበት ሰዓት ወደ ቤቴ ነጎድሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ ጩኸት ሰማሁና ቆምሁ። የምትጮኸው ልጄ ናት።

«አይሆንም ጋሼ! ይኼ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቁመቱ ይበልጣል፣ የሳጥኑ ክዳን አይገጥምም! በሚሊ ሜትር ለክቼዋለሁ!»

«አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«አዎ!»

ጋሽ አምባቸው እኔ ከተማ ደርሼ እስክመለስ ቤቴ ገብተው ኖሯል። አልጋው በወረቀት ተሸፍኗል። በዕቃዎቹ ልክ የተቆረጡ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ በልጄ እጅ ጽሑፍ ስማቸው ተጽፏል። ለካ እኔ ሥራ ስወጣ እሳቸው በየቀኑ ይመጡ ነበር። እሷ በስልኳ እያነበበች ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ይቃወማሉ፣ ትለካለች፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሰሞኑን ራቷን አሟልታ መብላት መጀመሯን አይቼ ነበር። መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ነበር እኮ!

«ዕቃው መጥቷል፣ አይደል?» አልኋቸው ከበሩ ላይ ሆኜ።

ከመቀመጫቸው ተነሡ። «መጥቷል። ሐኪሙ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ የፈቀደላት ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ነው። የማትደርስበትን ነገር ፊት ለፊቷ አቁሜ ላስጎምጃት? ደግሞስ ተቻኩለን ገዝተን፣ ከጓደኞቿ ጋር መሮጥ በጀመረች በሳምንቱ ቢቃጠልባትስ?» ወደ ሔራን እግር አዩ። «ይቺ ልጅ አንዴ ወድቃለች ሙሉነሽ። ዳግመኛ ስትወድቅ ማየት አልችልም።»

ቀኑን እኔ እናቷ ረስቼዋለሁ፤ እሳቸው ይቆጥሩት ነበር። ዕንባዬ መጣ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ቀስ! ገመዱን እንዳትረግጪው!» ብለው ጮኹብኝ።

ሰኞ ሔራን በክራንች ተደግፋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዕቃውን አንድ በአንድ የገጠመችው በገዛ እጇ ነው። ጋሽ አምባቸው እንዳይነኩ ቃል ገብተው ስለነበር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ፤ ላብ አጠመቃቸው። ሲያልቅ እንደተፈራው አስቀያሚ ጥቁር ሳጥን ሆነ። የብርጓል አይታ «ምድጃ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አመሻሹ ላይ ተከፈተ። ወዲያው የልጆች ድምፅ ቤቴን ሞላው። «ሔሪ! መጣሽ? ሔሪ መጣች እኮ!» አራት ጓደኞቿ ባንድ አፍ ሲንጫጩ ልጄ ሳቀች፤ ከባጃጁ አደጋ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ አምባቸው ሆይ፣ ስላላስገዙኝ የሚብለጨለጭ ሳጥን፣ ስላላስገዙኝ ቄብ፣ ስለቆፈሩብኝ ጓሮ፣ ስላቆዩብኝም አንድ ወር እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው፤ ቀሪውንም ዕቃዬን ሁሉ አያስገዙኝ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ልጅ አረንጓዴ ሜዳ እያቋረጠች ትበራለች፤ ድንጋይ ትዘላለች፣ ወንዝ ትዘላለች። ጋሽ አምባቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ የምትሮጠው ማን ናት?»

«እኔ ነኛ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም አብረው ጠረጉ። ከዚያ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከሚይዘው ባትሪ አጠገብ ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«በይ ሩጪ» አሏት። «መብራቱን እኔ እጠብቃለሁ።»